ሁለት ሚዛን በአንድ ከረጢት

አንባቢ ሆይ፤ በአባቶቻችን ዘመን በአገራችን ገበያ ይመላለስ የነበረውን ጠገራ ብር አይተኸው ታውቅ ይሆናል። በላዩ የኦስትርያ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ መልክ ተቀርጾበታል። ንግሥቲቱ በ1780 እ.ኤ.አ. ስለ ሞተች፣ ከዚያ በኋላ በየትኛውም ዘመን ቢሠራ ያንኑ ዓመት ተሸክሞ ይወጣ ነበር፤ ክብደቱም 28 ግራም ያህል ነው። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር በዐዋጅ እስኪወጣ ድረስ ነጋዴው ሁሉ የሚተማመንበት ገንዘብ እርሱ ነበረ። ገበሬው በሬውን ሽጦ ብሩን ሲቀበል ዝም ብሎ ወደ ከረጢቱ አይጨምረውም ነበር፤ በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች እያገላበጠ ይመለከታል፤ የተፋቀ ወይም የደበዘዘ ቢሆን ለውጥልኝ ይላል። ይህን ማድረጉም የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ያው ሰው ሳያስተውል የተቀበለው አንድ የተበላሸ ብር በእጁ ቢገኝ ምን ያደርጋል? ከመልካሞቹ ብሮች መካከል አስገብቶ፣ ቀኑ እስኪመሽ ጠብቆ፣ ዐይኑ ለደከመ ሽማግሌ የሚሰጥ ሰው አልጠፋም። ሲቀበል ዐይኑ የንስር ዐይን ነው፤ ሲሰጥ ግን ይጨፍነዋል።

የጨርቅም ነገር እንዲሁ ነበረ። ጨርቅ በክንድ ይለካ ነበርና፣ ክንድም ከክርን እስከ ጣት ጫፍ ያለው ርዝመት ስለ ሆነ፣ ገዢው ክንዱ ረጅም የሆነውን ወዳጁን ይዞ ወደ ገበያ ይወርዳል፤ ሻጩም ክንዱ አጭር የሆነውን ያስለካል ይባል ነበር። ሁለቱም ክንድ ይላሉ፤ በቃሉም አልዋሹም፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ለራሱ የሚጠቅመውን ክንድ መርጧል። ይህ ነገር የሚያስቅ ነው። ሆኖም ስለ ሰው ኃጢአትና ስለ እግዚአብሔር ፍርድ ለመናገር ለሚወድ ሰው ከዚህ ይልቅ የሚቀርብ በር ያለ አይመስለኝም።

በሙሴ ሕግ፣ በኦሪት ዘዳግም በ25ኛው ምዕራፍ፣ ሰው በከረጢቱ ታላቅና ታናሽ የሆኑ ሁለት የሚዛን ድንጋዮች እንዳይዝ፣ በቤቱም ሁለት ዓይነት መስፈሪያ እንዳያኖር ተከልክሏል። በዚያ ዘመን ዕቃ የሚመዘነው በድንጋይ ነበረ። የጥንት ፍርስራሽ የሚቈፍሩ ሊቃውንት በይሁዳ ምድር ከእነዚህ ድንጋዮች ብዙ አግኝተዋል፤ የአንዱም ሰቅል ድንጋይ 11 ግራም ከጥቂት የሚመዝን ነው። ሕጉን ልብ ብለህ ተመልከተው። የሚከለክለው በሐሰተኛው ድንጋይ መሸጥን ብቻ አይደለም፤ ድንጋዩን በከረጢት መያዝንም ነው። ስለ ምን? ሁለት ድንጋይ የያዘ ሰው እውነተኛውን ሚዛን ያውቃልና ነው። ባያውቅ ኖሮ አንዱ ድንጋይ በበቃው ነበር። ሲገዛ ከባዱን፣ ሲሸጥ ቀላሉን የሚያወጣ ሰው፣ አላወቅሁም ብሎ ለማመካኘት አይችልም፤ ከረጢቱ ራሱ ይመሰክርበታል። ነቢዩ አሞጽም በ8ኛው ምዕራፍ እንዲህ ያሉትን ነጋዴዎች ገሥጾአል፤ እነርሱም መስፈሪያውን አሳንሰው ሚዛኑን አክብደው ለመሸጥ ሰንበት እስኪያልፍ ድረስ የሚቸኵሉ ነበሩ። ይህም የሚያስገርም ነው፤ ሰዎቹ ሰንበትን አልሻሩምና። መደብራቸው በሰንበት ተዘግቶ ነበር፤ የተከፈተው ልባቸው ነው።

እንግዲህ ልነግርህ የምወደው ይህ ነው። የሰው ኃጢአት መልካሙንና ክፉውን ካለመለየት የሚመጣበት ጊዜ ጥቂት ነው። ብዙውን ጊዜ ሰው መልካሙን ሚዛን አሳምሮ ያውቃል፤ ለባልንጀራው ያወጣዋል፤ ለራሱ ግን ሌላውን ይመርጣል። የእግዚአብሔርም ፍርድ ከሰማይ እንግዳ ድንጋይ አምጥቶ አይመዝነንም። እኛው በሌላው ላይ ያኖርነውን ድንጋይ አንሥቶ በእኛ ላይ ያኖረዋል። ጌታችን በተራራው ስብከት ያስተማረው፣ ሐዋርያው ጳውሎስም ወደ ሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት በ2ኛው ምዕራፍ ያጸናው ይህን ነው፤ በሌላው የሚፈርድ፣ ያንኑም የሚያደርግ ሰው፣ የሚመልሰው ቃል የለውም።

ይህን ከንጉሥ ዳዊት ታሪክ ይልቅ ገልጦ የሚያሳይ የለም፤ ታሪኩም በሁለተኛው መጽሐፈ ሳሙኤል በ11ኛውና በ12ኛው ምዕራፍ ተጽፏል። ብዙ ጊዜ የሰማኸው ስለ ሆነ አትለፈው፤ ቀስ ብለህ አብረኸኝ ተመልከተው። ሠራዊቱ የአሞናውያንን ከተማ ረባትን ከብቦ ሳለ ንጉሡ በኢየሩሳሌም ተቀምጦ ነበር። የኦርዮን ሚስት ቤርሳቤህን ወሰደ፤ መፅነስዋንም በሰማ ጊዜ ነገሩን ለመሸፈን ኦርዮን ከጦር ሜዳ አስጠርቶ ወደ ቤቱ እንዲገባ አባበለው። ኦርዮ ግን ጓደኞቹ በሜዳ ሰፍረው ሳሉ በቤቱ መብላትና መተኛት ነውር ስለ መሰለው፣ በንጉሡ ደጅ ከአሽከሮች ጋር አደረ። የኦርዮ ታማኝነት ለንጉሡ ዕንቅፋት ሆነበት። ስለዚህ ዳዊት ለጦሩ አለቃ ለኢዮአብ ደብዳቤ ጻፈ፤ በደብዳቤውም ኦርዮን ሰልፉ በበረታበት ስፍራ አቁመው ከኋላው እንዲሸሹ አዘዘ። ያን ደብዳቤ ተሸክሞ የሄደው ራሱ ኦርዮ ነበረ።

የሞቱ ወሬ በደረሰ ጊዜ ንጉሡ አላለቀሰም፤ አልደነገጠምም። ሰይፍ ሰው እንደማይመርጥ፣ የጦርም ነገር እንዲህ እንደ ሆነ አመልክቶ ኢዮአብን እንዲያጽናኑት መልእክተኛውን መለሰው። አስተውል፤ ነገሩ ነፍስ መግደል ነበረ፤ በንጉሡ አፍ ግን የጦርነት ዕጣ ተባለ። ቀላሉ ድንጋይ ከከረጢት የወጣው በዚህ ሰዓት ነው። ከዚያም በኋላ ልጁ እስኪወለድ ድረስ ወራት አለፉ። ዳዊት በእነዚያ ወራት ዙፋኑን አልተወም፤ ዳኛም ነበረ።

ከዚህ በኋላ ነቢዩ ናታን መጥቶ የአንድ ድሀ አቤቱታ የሚያሰማ መስሎ ነገረው። በአንድ ከተማ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ መንጋው የበዛ ባለጸጋ፣ ሁለተኛው ከአንዲት ጠቦት በቀር ምንም የሌለው ድሀ። ያችንም ጠቦት ከልጆቹ ጋር አሳደጋት፤ ከእንጀራው ትበላ፣ ከጽዋው ትጠጣ፣ በብብቱም ትተኛ ነበር። ለባለጸጋው እንግዳ በመጣበት ጊዜ ከራሱ መንጋ መውሰድ ሳስቶ፣ የድሀውን ጠቦት ነጥቆ አረዳት። ንጉሡም ይህን በሰማ ጊዜ እጅግ ተቈጣ፤ በእግዚአብሔርም ስም ምሎ፣ ሰውየው ሞት የሚገባው እንደ ሆነ፣ ስለ ጠቦቲቱም አራት እጥፍ እንዲከፍል ፈረደ።

አራት እጥፍ ማለቱ ከቍጣ ብቻ የወጣ ቃል አይደለም። በኦሪት ዘጸአት በ22ኛው ምዕራፍ በግ ሰርቆ ያረደ ወይም የሸጠ ሰው ስለ አንዱ በግ አራት በጎች ይመልስ ዘንድ ታዟል። ንጉሡ ሕጉን ያውቃል፤ አንቀጹንም አልሳተም። ለድሀ ማዘንም አልጠፋበትም። እንግዲህ የጐደለው ምንድር ነው? ዕውቀት አይደለም፤ ርኅራኄም አይደለም። ስለ አንዲት ጠቦት እንዲህ የነደደው ሰው ስለ ኦርዮ ደም ወራት ሙሉ ተኝቶ ነበር። ናታንም ያ ሰው አንተ ነህ ባለው ጊዜ አዲስ ሕግ አላመጣበትም፤ ከንጉሡ አፍ የወጣውን ፍርድ ወስዶ ለባለቤቱ መለሰለት እንጂ። እስራኤላዊ የሆነ ሁሉ ይህን ፍርድ ሰምቶ ቢሆን ኖሮ ትክክል ነው ባለ ነበር። ዳዊት ራሱ ትክክል ነው ብሏልና፣ የሚግባኝበት ዳኛ አልቀረለትም።

አንዳንድ ተርጓሚዎች ከዚህ በኋላ በዳዊት ቤት የደረሰውን መከራ እየቈጠሩ፣ በልጆቹ አራት እጥፍ ከፈለ ይላሉ። እኔ ይህን ቍጥር እምብዛም አልወደውም፤ የሰውን ነፍስ እንደ በግ መቍጠር ይመስለኛልና። ደግሞም የነገሩ ክብደት የሚገኘው ሕጉ በጐደለበት ስፍራ ነው። ስለ በግ አራት በግ ይከፈላል፤ ስለ ኦርዮ ግን አራት ኦርዮ ከየት ይመጣል? ዳዊት በደሉን ባመነ ጊዜ እግዚአብሔር ኃጢአቱን እንዳስወገደለት ናታን ነገረው፤ ይህም ታላቅ ምሕረት ነው። ነገር ግን ሕፃኑ ሞተ፤ ሰይፍም ከቤቱ አልራቀም። ይቅርታ ኦርዮን ከመቃብር አላስነሣውም።

የዳዊት አባት የሆነው ይሁዳም ከዚህ በፊት እንዲሁ ሆኖ ነበር። ምራቱ ትዕማር ሴስና ፀነሰች ባሉት ጊዜ አውጥታችሁ አቃጥሉአት ብሎ ለመፍረድ አንድ ሰዓት አልፈጀበትም፤ ቀለበቱንና በትሩን በላከችለት ጊዜ ግን ከእርሱ ይልቅ እርስዋ ጻድቅ እንደ ሆነች መሰከረ። ይህ በኦሪት ዘፍጥረት በ38ኛው ምዕራፍ አለ።

አሁን ከእስራኤል አገር ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ቋንቋችን ባለጸጋ ነው፤ ለአንድ ሥራ ሁለት ስም አያጣም፤ ይህም ባለጸግነት ብዙ ጊዜ ለክፋታችን መጠጊያ ሆኖናል። ባልንጀራችን ሲዋሽ ውሸታም ነው፤ እኛ ስንዋሽ ግን ነገሩን በዘዴ አሳለፍነው። የማናውቀው ሹም ሲቀበል ጉቦ ነው፤ ዘመዳችን ሲቀበል እጅ መንሻ ነው። ጎረቤታችን ስለ እኛ ብታወራ ሐሜተኛ ናት፤ እኛ ስለ እርስዋ ስናወራ ግን እውነቱን ተናገርን እንጂ አላማንም። ሌላው ሲቈጣ ግልፍተኛ ይባላል፤ እኛ ስንቈጣ ክብራችንን ጠበቅን። በጽሕፈት ቤት የተቀመጠው ሰው ባለጉዳዩን ነገ ተመለስ እያለ ሲያመላልሰው ሥራ በዝቶብኛል ይላል፤ እርሱ ራሱ በሌላ ጽሕፈት ቤት ደጅ ሲጠና ግን ያ ሹም ድሀ የሚያስለቅስ ጨካኝ ነው። አንተም ተማሪ ከሆንህ ይህ ነገር አያልፍህም። በፈተና ጊዜ ከጓደኛው ወረቀት የገለበጠ ተማሪ ተረዳዳን ይላል፤ ይኸው ተማሪ ግን ከእርሱ ያነሰ ሰው በዘመድ ሥራ ተቀጠረ ሲባል በአገሩ ፍትሕ ጠፋ ብሎ ይጮኻል። ፍትሕ መጥፋቱ እውነት ነው፤ የት እንደ ጠፋ ግን ከሁሉ አስቀድሞ እርሱ ያውቃል። አባቶቻችን የራስዋ እያረረባት የሰው ታማስላለች ያሉት ይህን አይተው ነው።

በጥንት ዘመን ሌባ ሻይ የሚባል ልማድ ነበረ። ገንዘብ የጠፋበት ሰው ሲያመለክት፣ ለአንድ ልጅ የሚያሰክር መድኃኒት አጠጥተው፣ በወገቡ የታሰረውን መቀነት ይዘው ይከተሉታል፤ ልጁም እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዛል። በዚህ ምክንያት ስንት ንጹሕ ሰው እንደ ተበደለ እግዚአብሔር ያውቃል። ልማዱ ቀርቷል፤ እሰየው! ልባችን ግን ዛሬም ሌባ ሻዩን እያጠጣ ይሰዳል፤ ሁልጊዜም የሚሰደው ወደ ውጭ፣ ወደ ጎረቤት ቤት ነው። ከሥራ ስንባረር ምቀኛ እንፈልጋለን፤ ትዳራችን ሲፈርስ አማች እንከስሳለን፤ ልጃችን ሲበላሽ ዘመኑን እንራገማለን። ይህም ከአዳም የወረስነው ነገር ነው። እርሱ በሴቲቱ፣ ሴቲቱም በእባቡ አመካኘች፤ አዳም እንዲያውም ሚስቱን የሰጠውን እግዚአብሔርን ጭምር ከክሱ ውስጥ አገባው። ንጉሡ ሳኦልም የተከለከለውን ምርኮ በወሰደ ጊዜ፣ ሕዝቡ ለመሥዋዕት ብሎ ያመጣው ነው ብሎ አመካኘ። ሳኦልና ዳዊት ሁለቱም በድለዋል። የዳዊት በደል በእኔ ዐይን ከሳኦል ይከብዳል፤ ሳኦል ግን ነቢዩ ሲገሥጸው በሕዝቡ ፊት አክብረኝ ብሎ ለመነ፤ ዳዊት አንድ ሰው እንኳ ሳይጠራ በደሌ ነው አለ።

በቀድሞ ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ በልብሳቸው ጫፍ ተቋጥረው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር፤ ይህንም ቁራኛ ይሉታል። ተከሳሽ ሲቀመጥ ከሳሽ ይቀመጣል፤ ተከሳሽ ሲነሣ ከሳሽ ይነሣል፤ ዳኛ ፊት ደርሰው ነገራቸው እስኪቆረጥ ድረስ መለያየት የለም። ኅሊና እንዲህ ያለ ቁራኛ ነው። አንተ ስትተኛ እርሱ ይነቃል። ሰዎች ቋጠሮውን ለመፍታት የማይሞክሩት ነገር የለም፤ አንዱ በመጠጥ፣ አንዱ በሥራ ብዛት፣ አንዱም በሣቅና በጨዋታ ይሞክራል። ከሁሉም የሚብሰው ግን በምጽዋት የሚሞክረው ነው፤ ከድሀ ሠራተኛው ደመወዝ ያስቀረውን ገንዘብ ቈንጥሮ ለቤተ ክርስቲያን መጋረጃ ይሰጣል፤ ስሙም በአደባባይ ሲነበብ ዕዳው የተከፈለ ይመስለዋል። ሠራተኛው ግን መጋረጃውን አይበላውም። በ31ኛው መዝሙር፣ በሌላው ቍጥር በ32ኛው፣ ዳዊት ኃጢአቱን ሸሽጎ ዝም ባለበት ወራት አጥንቱ እስኪደክም ድረስ እንደ ተጨነቀ ይናገራል። ቁራኛው ወራቱን ሁሉ አልተፈታም ነበር ማለት ነው።

አንተ ግን፣ ትምህርት የቀሰምህ ወዳጄ፣ በዚህ ስፍራ አንድ ነገር ትጠይቀኝ ይሆናል። እግዚአብሔር ፍቅር ከሆነ ስለ ምን ይፈርዳል? የሚፈርድ አምላክ ጨካኝ አይደለምን? ጥያቄው ታላቅ ነው፤ በንቀት የሚመለስ አይደለም። እኔ ግን አስቀድሜ ጠያቂው ማን እንደ ሆነ ለማወቅ እወዳለሁ። መሬትዋን የተቀማች መበለት ዳኛ ስለ ምን ይፈርዳል ብላ ጠይቃ አታውቅም፤ የእርስዋ ጥያቄ ስለ ምን ዘገየ የሚል ነው። ልጁ የተገደለበት አባት ፍርድ የሌለበትን ሰማይ ቢያሳዩት አይጽናናም። መዝሙረኛው እግዚአብሔር ሊፈርድ በመጣ ጊዜ ባሕርና ሜዳ፣ የዱርም ዛፎች ደስ እንደሚላቸው የሚናገረው ስለዚህ ነው፤ ፍርድ ለተበደለ ሰው የምሥራች ነውና። ፍርድ ባይኖር ኖሮ የኦርዮ ነገር የጦርነት ዕጣ ተብሎ ይቀር ነበር፤ ስለ እርሱ የሚናገር አንድ ሰው አልነበረውም፤ እግዚአብሔር ናታንን ላከለት እንጂ። እንግዲህ ፍርድ የሚከብደን በሁለት ድንጋይ ስለምንመዝን ነው፤ ለተበደልንበት ፈጥኖ እንዲመጣ፣ ለበደልንበት ከቶ እንዳይመጣ እንወዳለን። ተበዳይ ሆኖ ብቻ የተወለደ ሰው ግን የለም።

ሌላው ደግሞ ጌታችን አትፍረዱ ካለ ችሎት ይዘጋ፣ ሌባም ይለቀቅ ማለት ነውን? ይል ይሆናል። አይደለም። ፍትሐ ነገሥት በ13ኛው ምእት ዓመት በግብጽ አገር በዐረብኛ ተሰብስቦ፣ ኋላም ወደ ግእዝ ተመልሶ፣ በአገራችን ለብዙ ዘመን የተፈረደበት፣ ሰው በማኅበር ሲኖር ያለ ዳኛ ሊኖር ስለማይችል ነው። ጌታችን በባልንጀራችን ዐይን ውስጥ ያለው ጉድፍ ጉድፍ አይደለም አላለም፤ አውጣም ከማለት አልከለከለም፤ አስቀድመህ ከዐይንህ ምሰሶውን አውጣ ነው ያለው። ችሎት የሚያየው ሥራንና ምስክርን ነው፤ ከዚያ አያልፍም፤ እንዲያልፍም አይገባውም። እግዚአብሔር ግን ከረጢቱን ይፈታል።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ተስፋ የሚያስቈርጥ ነበረ። በገዛ ድንጋያችን ብንመዘን ማን ይተርፋል? በማቴዎስ ወንጌል በ18ኛው ምዕራፍ ጌታችን እልፍ መክሊት ዕዳ ስለ ነበረበት ባሪያ ምሳሌ ተናገረ። አንድ መክሊት 6,000 ዲናር ያህል ነው፤ ዲናርም የአንድ ቀን ሠራተኛ ደመወዝ ነበረ። እንግዲህ ዕዳው 60,000,000 ዲናር ነው፤ በዓመት 300 ቀን የሚሠራ ሰው ምንም ሳይበላ ሁሉን ቢከፍል 200,000 ዓመት ይፈጅበታል። ባሪያው ግን ታገሠኝ፣ ሁሉን እከፍልሃለሁ አለ! ጌታውም አዘነለትና ማረው። ከዚያ ወጥቶ መቶ ዲናር ዕዳ ያለበትን ባልንጀራውን አገኘና አንገቱን አነቀው። ሰባኪዎች ብዙ ጊዜ መቶ ዲናሩን ኢምንት አድርገው ይናገራሉ፤ ትክክል አይመስለኝም። መቶ ዲናር ከሦስት ወር የሚበልጥ የድሀ ደመወዝ ነው፤ ቢቀር የሚያም ገንዘብ ነው። ጌታችን የበደሉህ በደል ምንም አይደለም አላለህም፤ የተማርህበት ዕዳ ግን 600,000 ጊዜ ይበልጠዋል ነው ያለህ። ይህም ባሪያ በደጅ ሁለተኛውን ድንጋይ ስላወጣ ምሕረቱ ከእጁ ተወሰደበት፤ ለባልንጀራው በመረጠው ሚዛን ተመዘነ።

ይህን ሁሉ ካልሁ በኋላ ሁለተኛውን ድንጋይ በገዛ እጁ የጣለ አንድ ሰው ላሳይህ። ሉቃስ በ19ኛው ምዕራፍ የጻፈለት ዘኬዎስ በኢያሪኮ የቀራጮች አለቃ ነበረ፤ ባለጸጋም ነበረ። ጌታችን በቤቱ በገባ ጊዜ ተነሥቶ ቆመና፣ ከገንዘቡ እኵሌታውን ለድሆች ሊሰጥ፣ ማንንም በሐሰት ከሶ ወስዶ እንደ ሆነ አራት እጥፍ ሊመልስ ቃል ገባ። አራት እጥፍ የሚለውን ቃል አስቀድመን ሰምተነዋል፤ ከንጉሡ ከዳዊት አፍ። ነገር ግን ልዩነቱን ተመልከት። በኦሪት ዘሌዋውያን በ6ኛው ምዕራፍ፣ በኦሪት ዘኍልቍም በ5ኛው ምዕራፍ እንደ ታዘዘው፣ ባልንጀራውን አታልሎ ገንዘብ ወስዶ ሳለ ራሱ የሚናዘዝ ሰው ዋናውን ከአምስት እጅ አንድ እጅ ጨምሮ ይመልሳል። መቶ የወሰደ 120 ይከፍላል ማለት ነው። ዘኬዎስ ይህን ሕግ ጠቅሶ ቢከራከር የሚከለክለው አልነበረም፤ በፈቃዱ ተናዟልና። እርሱ ግን ስለ መቶው 400 እከፍላለሁ አለ። በግ ሰርቆ ያረደ ሌባ የሚቀጣበትን ከባዱን ድንጋይ አንሥቶ በራሱ ላይ አኖረ። ዳዊት በሌላው ላይ የፈረደውን እርሱ ያለ ናታን በራሱ ላይ ፈረደ። በኢያሪኮ ቀረጥ ማስከፈል ብልሃት ነው፣ ልማድ ነው፣ ሁሉ ያደርገዋል ለማለት ይችል ነበር፤ የሥራውን እውነተኛ ስም ግን ጠራው።

ጌታችን አስቀድሞ ይህን ክፈልና ከዚያ በኋላ እገባለሁ እንዳላለውም አትርሳ። አስቀድሞ በስሙ ጠራው፤ ወደ ቤቱም ገባ፤ ሕዝቡ ሁሉ እያንጐራጐረ ከኃጢአተኛ ጋር ማዕድ ሊቈርስ ሄደ። ድንጋዩ የወደቀው ከዚህ በኋላ ነው። ከረጢቱን በዳኛ ፊት ፈትቶ የሚያሳይ ሰው፣ ዳኛው እንደሚወደው የሚያምን ሰው ብቻ ይመስለኛል።

አንተም አንባቢ ሆይ፣ ይህን ስታነብብ በልብህ አንድ ስም ተነሥቶ እንደ ሆነ፣ ማለት ደመወዙን ያስቀረህበት፣ በሚዛን ያጐደልህበት፣ ወይም ያላደረገውን አደረገ ብለህ ያወራህበት ሰው ስም፣ ነገ ዛሬ አትበል። ገንዘብ ከሆነ ቍጥሩን በወረቀት ጻፈው፤ በልብ የተያዘ ዕዳ በየዓመቱ ያንሳልና። ስም ማጥፋት ከሆነ፣ ለእርሱ ለብቻው ይቅርታ መለመን አይበቃም፤ በሰማው ሰው ዘንድ ሄደህ ሐሰት እንደ ነበረ ተናገር፤ ይህ ከገንዘብ ይልቅ ይከብዳል። አንዳንዱ ደግሞ የበደልሁት ሰው ሞቷል፣ ወይም አገር ለቅቆ ሄዷል ብሎ ይጨነቃል፤ አንዳንዱም ያንን እንደ ነጻነት ይቈጥረዋል። ሕጉ ይህንንም አልተወውም። ዋናው ባለቤት የሌለ እንደ ሆነ ለዘመዱ ይሰጣል፤ የሚቀበል ዘመድም ባይገኝ ገንዘቡ ለእግዚአብሔር ሆኖ በካህኑ እጅ ይገባል እንጂ በበዳዩ ቤት እንዲቀር አልተፈቀደም። የሟቹን ልጆች ሰፈር ጠይቀህ ፈልጋቸው፤ ስታገኛቸውም አባታቸውን እንደ ረዳህ ሰው ሆነህ አትስጣቸው፤ የእናንተ ገንዘብ ነው፣ ከአባታችሁ የወሰድሁት ነው ብለህ ስጣቸው።